የጫማ ሰፊዎቹ ከተማ

የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። የእረፍት ቀኔን ለአንድ የባላንጣችን የቶተንሃም የድሮ ተጫዋች መታሰቢያ ልሰጥ ነው ስላቸው ጓደኞቼ «አሞሃል?» አሉኝ።

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ኖርዛምፕተን ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ በጫማ ሥራ የታወቀች ናት። የኳስ ቡድኗም እስከ ዛሬ «ጫማ ሰፊዎቹ» ነው የሚባለው። ከጣቢያው በእግሬ ወጣሁ። ስልኬ አርባ ደቂቃ ቢለኝም ዝናቡና የመኪና አደባባዮቹ አንድ ሰዓት አስፈጁኝ። ካልሲዬ ሲጨመቅ ውኃ ይወጣው ነበር።

የቡድኑ ሜዳ ሲክስፊልድስ ስታዲየም ሲደረስ መንገዱ በሰውየው ስም ነው የተሰየመው፦ ዋልተር ቱል። መታሰቢያ ድንጋዩ በ1999 የቆመ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ጽሑፉ ረጅም ነው። ጃንጥላዬን ይዤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ቱል በ1888 ፎክስተን ተወለደ። አባቱ ከባርባዶስ የመጣ አናጺ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ነበሩ። አሥር ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ሞቱበት። ከወንድሙ ከኤድዋርድ ጋር ምሥራቅ ለንደን የሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ። ወንድሙን ግላስጎው ያለ ቤተሰብ ወሰደው፤ በኋላም የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር እዚያው ቀረ፣ ኳስም ተጫወተ። በ1909 ቶተንሃም አስፈረመው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ብሪስቶል ሲቲ ሜዳ ሲጫወቱ፣ ከተመልካቹ መሃል ያሉ ሰዎች በቀለሙ እየሰደቡ አዋረዱት። ጨዋታውን ያየ ጋዜጠኛ ግን ከአጥቂዎቹ ሁሉ ምርጡ ቱል ነበር ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂ ቡድን ወረደ። ምርጡን አጥቂ!

በ1911 ኖርዛምፕተን ወሰደው። አሰልጣኙ ማን ነበር? ኸርበርት ቻፕማን! በኋላ አርሰናልን አርሰናል ያደረገው ራሱ ቻፕማን። እዚህ ቱል አማካይ ሆኖ ከ100 በላይ ጨዋታ ተጫወተ። አንድ ቀን በአንድ ጨዋታ አራት ጎል አገባ፤ ያገባውም በብሪስቶል ሮቨርስ ላይ ነው። ክለቡ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ከተማው ያው ብሪስቶል በመሆኑ ግን አንጀቴ ራሰ።

በ1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የእንግሊዝን ጦር ተቀላቀለ። የሠራዊቱ ደንብ መኮንንነትን ለአውሮፓ ዘር ብቻ ቢፈቅድም በ1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። በመጋቢት 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ሲወድቅ 29 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ አልታወቀም። ስሙ አራስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ በሚገኘው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል።

ሲክስፊልድስ የተከፈተው በ1994 ነው፤ ቱል አልተጫወተበትም። የእሱ ሜዳ ከተማው ማዶ ያለው ካውንቲ ግራውንድ ነው። እዚያ ለመድረስ አውቶቡስ ያዝኩ፤ እግሬ በቃኝ ብሎ ነበር። ያኔ ኳሱና ክሪኬቱ አንድ ግቢ ይጋሩ ስለነበር፣ የተመልካች መቆሚያው በሦስት ጎን ብቻ ነበር። አራተኛው ጎን ወደ ክሪኬቱ ሣር ክፍት ነበር። አሁን የቀረው ክሪኬቱ ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ አገኘሁት፤ በክፍተቱ አጮልቄ አየሁ። የረጠበ ሣር።

ባቡር ስጠብቅ የድንጋዩን ፎቶ ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዱ ወዲያው «ያው የቶተንሃም አይደል?» አለኝ።

«የቻፕማን ልጅ ነው» አልኩት።