አሸዋው ፀሐይ ያየበት የመጨረሻ ቀን

ሥራዬን ለሰው ስናገር ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «አጥንቱን ነው የምትለኪው?» የሚል ነው። አይደለም። እኔ የምለካው አጥንቱ ወይም የድንጋይ መሣሪያው የተቀበረበትን አሸዋ ነው። ራዲዮካርቦን የሚባለው የታወቀ የዕድሜ መለኪያ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አያደርስም። ከዚያ ለራቀ ዘመን ሌላ ሰዓት ያስፈልጋል።

የእኔ ሰዓት ሉሚኒሰንስ ይባላል። አፈር ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም አለ። ከእነሱ የሚወጣው ጨረር የተቀበረች የአሸዋ ቅንጣት ውስጥ ኃይል ያጠራቅማል። ቅንጣቷን ፀሐይ ከመታት ግን ያጠራቀመችው ሁሉ ይጠፋል። ስትቀበር እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ብርሃን ስናበራባት የያዘችውን በብርሃን መልክ ትመልሳለች። ቀሪው ማካፈል ነው። ያጠራቀመችው 120 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በ1,000 ዓመት የምታገኘው 2.5 ግሬይ ቢሆን፣ የተቀበረችው ከ48,000 ዓመት በፊት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ናሙናው ብርሃን ማየት የለበትም። የብረት ቱቦ በመዶሻ የገደሉ ወይም የቁፋሮው ግድግዳ ውስጥ እንመታለን። አውጥተን በጥቁር ፕላስቲክ እንጠቀልለዋለን። የምንከፍተውም በደብዛዛ ቀይ መብራት ነው።

የመጀመሪያ ናሙናዬን የወሰድኩት ከዝዋይ ወደ አብጃታ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝ ዳር ነው። ከገደሉ ግድግዳ ላይ የባልጩት ስንጣሪ ብቅ ብሎ ያብረቀርቃል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። መኪናው ይጠብቀኛል። ከባልጩቱ አጠገብ ለስለስ ያለ ቦታ አገኘሁና መታሁ። ቱቦው በጥቂት ምት ገባ። በጣም ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። አሸዋው ከላዩ ካለው ንብርብር ያነሰ ዕድሜ ነበረው! ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ስለካ ደግሞ ገሚሱ የሌላ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ማሽኑን ጠረጠርኩ። አሲዱን ጠረጠርኩ። ስሌቱን ሦስቴ ደገምኩት።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። ቦታውን ለሚጠብቁልን አዛውንት ቱቦው የወጣበትን ቀዳዳ አሳየኋቸው። ጣታቸውን በዙሪያው አዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የፍልፈል መንገድ ነው» አሉኝ። እሳቸው ሲያሳዩኝ ታየኝ። የጡጫ ያህል ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ከዙሪያው ትንሽ ጠቆር ይላል። ፍልፈሉ የቆፈረውን ጉድጓድ የላይኛው አፈር ወርዶ ሞልቶታል። የለሰለሰልኝ ለዚያ ነበር።

አሁን ቱቦ ከመምታቴ በፊት ግማሽ ቀን ግድግዳውን አያለሁ። እጠርገዋለሁ፣ ውሃ እረጭበታለሁ፣ በእርሳስ እስለዋለሁ። ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ስትስል ዓይንህ የዘለለውን እጅህ ይጠይቅሃል።

ሌላው የቸኮልኩበት ነገር ውሃ ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መሐል ያለ ውሃ ጨረሩን ይቀንሳል። ግድግዳው ዛሬ ደረቅ ነው ብዬ በደረቁ ካሰላሁ፣ ዕድሜው ከእውነተኛው አንሶ ይወጣል። ግን ሁሌም ደረቅ አልነበረም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ በጥንቱ እርጥብ ዘመን አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬ ከውሃው ርቆ ባለው አፈር ውስጥ የቀንድ አውጣ ዛጎል የሚገኘውም ለዚህ ነው። የጥንቱን አየር ንብረት ሳላውቅ ዕድሜውን ላውቅ አልችልም። እኔ ግን ሁለቱን ለያይቼ ነበር የማያቸው።

ዕድሜ የሚታወቀው ከዙሪያው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ የተገኘውን የጥንት ሰው አጽም ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ለዚህ ነው። አጽሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ2005 ዕድሜው 195,000 ዓመት ገደማ ነው ተባለ። ከአጽሙ በላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በጣም የላመ ስለሆነ በአርጎን ዘዴ፣ ማለትም በክሪስታል ውስጥ የተጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ በመለካት፣ ዕድሜው ሊታወቅ አልቻለም። ተመራማሪዎች የአመዱን ኬሚካዊ ጠባይ ይዘው ምንጩን ፈለጉ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ እኔ በምሠራበት አካባቢ፣ የሻላ እሳተ ገሞራ ላይ አገኙት። እዚያ ያለው ድንጋይ ሊለካ የሚችል ክሪስታል ነበረው። በ2022 አጽሙ ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ እንደሆነ አሳወቁ። ለዚህ ልኬት ያን አጽም ማንም አልነካውም። የተሻለ የታወቀው ከላዩ ያለው አመድ ነው።

ቡልቡላ ላይ አዲሱን ቱቦ ከፍልፈሉ መንገድ ሁለት ክንድ ርቄ መታሁ። አፈሩ ድንጋይ ሆኖ አስቸገረኝ፤ እጄ ውሃ ቋጠረ። አዛውንቱ ጥቁሩን ፕላስቲክ ዘርግተው ከጎኔ ቆመው ነበር። ቱቦው ሲወጣ ፀሐይ ሳያየው ጠቀለሉልኝ።