ላፕቶፔ እየጋለ ድርግም ሲልብኝ እንዴት አስተካከልኩት

ማሽኑ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ቪዲዮ ኤዲት ለማድረግ ነው በዋናነት የምጠቀምበት። ሰነድ ስጽፍ፣ ኢሜይል ምናምን ሳይ ሰላም ነው፣ ኤክስፖርት (ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣት) ስጀምር ግን ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ እጅ አያስነካም፣ ከዛ ምንም ሳያስጠነቅቅ ድርግም። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ሹት ዳውን የሚል ጽሑፍ የለ። ወዲያው ላስነሳው ስል ወይ እምቢ ይላል ወይ ዊንዶውስ ሳይገባ መልሶ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ደሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሰራል።

መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አርጎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሸኘኝ። ቫይረስ ፕሮሰሰር አያስጨንቅም አልልም፣ ተደብቆ ክሪፕቶ ማይን የሚያደርግ (በሰው ማሽን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት) ሲሆን በደንብ ያስጨንቃል፣ ግን አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይም እዛው ኤክስፖርት ላይ ከጠፋ ነገሩ ሶፍትዌር አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ከመፍታቴ በፊት ሙቀት መሆኑን ማረጋገጥ ፈለግኩ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ ብዙ ሰው ከርነል ፓወር 41 የሚለውን አይቶ "አገኘሁት" ይላል፣ እሱ ግን ማሽኑ በስርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ከማለት ውጪ ለምን እንደጠፋ አይነግርህም፣ ባትሪም ይሁን ቻርጀርም ይሁን ሙቀትም ይሁን ያው 41 ነው የሚጽፈው። እኔን የረዳኝ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሴንሰሮቹን የሚያሳየው መስኮት ላይ ሎግ ማድረጊያ አለ፣ እሱን ስታበሩት ሙቀቱን በየጥቂት ሰከንዱ ፋይል ላይ እየጻፈ ይሄዳል፣ ማሽኑ ድርግም ቢልም ፋይሉ ይቀራል። መልሼ ካስነሳሁት በኋላ በኤክሴል ከፍቼ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሳይ 98፣ 99፣ 100። የኔ ፕሮሰሰር ኮር አይ5 8250ዩ ነው፣ 100 ዲግሪ ጣሪያው ነው፣ እዛ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያም ካልበቃው ሲስተሙ ፓወሩን ይቆርጠዋል። በቻርጀርም በባትሪም ሞከርኩት፣ ሁለቱም ላይ ያው ነው፣ ስለዚህ ከቻርጀሩ ጥርጣሬዬን አነሳሁ።

የማስረክበው ስራ ስለነበረ ለጊዜው አንድ ዘዴ ተጠቀምኩ፣ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብቼ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ አወረድኩት። አንድ ፐርሰንት ምን ሊፈይድ ትሉ ይሆናል፣ ነገሩ ግን ከ100 በታች ሲሆን ተርቦ ቡስት (ፕሮሰሰሩ ስራ ሲበዛበት ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚወጣበት) ይጠፋል፣ እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይወጣ የነበረው 1.6 አካባቢ ይቀመጣል። ኤክስፖርቱ ተንቀራፈፈ ግን ሳይጠፋ ጨረሰ። ካቻቢቴ ለመያዝ ድፍረት የሌለው ሰው ቢያንስ ይቺን ይሞክር፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ መጥፋቱ ከቆመ ችግሩ ሙቀት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዛ ወደ መፍታቱ። ቲ480 ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ አንዱ ከኋላ የሚወልቅ አንዱ ውስጥ። የውስጡን ለማጥፋት ሲነሳ ኤፍ1 ተጭኖ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) መግባት፣ ኮንፊግ፣ ፓወር፣ ከዛ ቢልት ኢን ባትሪውን ዲሴብል ማድረግ። ማሽኑ ይጠፋል፣ የኋላውን ባትሪ ታወጣላችሁ፣ ታችኛው ክዳን ላይ ያሉት 6 ብሎኖች ሲላሉ እዛው ክዳኑ ላይ ስለሚቀሩ አይጠፉም (ይሄን ያሰበ ኢንጂነር ይባረክ)። ክዳኑን በአሮጌ ኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን እየቀረቀርኩ አላቀቅኩት።

ፋኑ ላይ ላዩን ሲታይ ያን ያህል አልቆሸሸም ነበር፣ አንዳንዱ እዚህ ጋ ነው በብሩሽ ጠራርጎ የሚከድነው። ጉዱ ያለው ፋኑ አየሩን ወደ ሂትሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚወስደው ብረት) የመዳብ ክንፎች የሚገፋበት ቦታ ላይ ነው። እሱን ሳጋልጠው የበርኖስ ቁራጭ የመሰለ ግራጫ ነገር ክንፎቹን ዳር እስከ ዳር ሸፍኗቸዋል፣ በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው ሳይበጣጠስ አንድ ላይ ወጣ። ፋኑ ቢጮህም አየሩ መውጫ አልነበረውም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደሞ በዚህ ሁሉ ግንባታ መስኮት ከፍቶ መስራት ምን እንደሚያመጣ ታውቁታላችሁ።

ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የሚባል ነገር አለ፣ እኔ አልመክርም። የጎማ ኮምፕረሰር አየር ውስጥ ውሃና ዘይት ሊኖር ይችላል፣ ግፊቱም ብዙ ነው፣ ፋኑን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ሊያበላሸው ይችላል። ክዳኑ ሳይከፈት ከውጪ መንፋት ደሞ ያን የተጋገረ አቧራ መልሶ ወደ ፋኑ መግፋት ነው። ስትነፉ ፋኑን በጣት ወይ በጥርስ መፋቂያ እንዳይሽከረከር ያዙት።

ቴርማል ፔስቱንም (በቺፑና በሂትሲንኩ መሃል ሙቀት እንዲተላለፍ የሚቀባውን) ቀየርኩ። ከመፍታቴ በፊት ማሽኑን ትንሽ አሙቄው ስለነበር የድሮው ፔስት ለስልሶ ሂትሲንኩ ሳይታገል ተላቀቀ፣ ደርቆ ከቆየ በግድ መንቀል ቺፑን ሊጎዳው ይችላል። የደረቀውን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮልና በሶፍት ጠርጌ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት መሃል ላይ። ሲበዛ አይሻልም፣ ዳር ዳር ከመፍሰስ በቀር። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ወደሌላው ሳይሆን በመስቀለኛ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ ነው፣ አለበለዚያ ባንድ በኩል ይጋደማል። የፋኑን ገመድ መልሶ መሰካት እንዳይረሳ።

ውጤቱ፣ ያው ኤክስፖርት ላይ ተርቦው እንደበራ ከ80 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ውጪ አገር ያሉ ሰዎች በዚሁ ሞዴል ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢጽፉ አይድነቃችሁ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ አካባቢ ስለሚሳሳ ያው ፋን በዛው ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መስራት ከተጨመረ፣ አየር የሚስበው ከስር ስለሆነ፣ የተጸዳውም ይግላል።

ሳልጠየቅ የምጨምረው፣ ሁሉም ላፕቶፕ እንደዚህ አይፈታም። ጌሚንግ ላፕቶፕ ከሆነ፣ በተለይ አንዳንድ የአሱስ ሮግ ሞዴሎች፣ በፔስት ፈንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ነው ያለባቸው። እሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አንድ ጠብታ ቦርዱ ላይ ከሄደ ሾርት ነው። እዛ ላይ አቧራውን ብቻ አጽዱ፣ ሂትሲንኩን አትንኩት።