ከገንዳው የጎደለ ውኃ ሁሉ የተነነ አይደለም

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ነጭ ሽንኩርትና ድንች በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ለአንድ ጥማድ መሬት ምን ያህል ውኃ እንደሚበቃ ሲጠይቁን፣ መልሳችን አብዛኛውን ጊዜ በግምት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ደጋ ብትሆንም፣ ከጥቅምት ጀምሮ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስና የጠራው ሰማይ ከማሳው የሚወስዱት ውኃ ቀላል አይደለም፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ ሂሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። ስለዚህ በምሠራበት የሠርቶ ማሳያ ግቢ፣ ከዝናብ መለኪያው አጠገብ፣ የትነት መለኪያ ገንዳ ተክዬ ንባቡን በየዕለቱ መመዝገብ ጀመርሁ።

የመረጥሁት በብዙ አገሮች የሚሠራበትን «ክላስ ኤ» የሚባለውን ክብ ገንዳ ነው። ከዳር እስከ ዳር 120.7 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የጣውላ ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ርብራቡን በውኃ ልክ ሳላስተካክል ገንዳውን አላስቀመጥሁም። ቦታውን ስመርጥም ከባሕር ዛፉ ራቅሁ፤ ዛፉ ጠዋትና ማታ ጥላውን ከመጣሉም በላይ ነፋሱን ይከልላል፣ የተከለለ ገንዳ ደግሞ የማሳውን ሁኔታ አይናገርም።

ውኃው ከገንዳው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሞላል፤ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሳይወርድም ይተካል። ከዚህ ወሰን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከጎደለ ንባቡ እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። በውስጡ ሞገዱን የሚያረጋጋ ቱቦ፣ በቱቦውም ውስጥ ሹል ጫፉን ወደ ላይ ያደረገ መርፌ ቆሟል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከውኃው ገጽ ጋር አስተካክላለሁ፤ በመለኪያ ዕቃ ጥቂት በጥቂት እየጨመርሁ የመርፌው ጫፍ ሊሰወር ሲቃረብ አቆማለሁ። ከገንዳው ስፋት አንጻር አንድ ሚሊ ሜትር ማለት 1.14 ሊትር ነው፤ 5 ሊትር ተኩል ከፈጀብኝ ከ5 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ውኃ ጎድሏል ማለት ነው። ጎድሏል እላለሁ እንጂ ተኗል ለማለት አልቸኩልም።

ይህን ጥንቃቄ ያስተማረኝ፣ ደመናማና ጸጥ ያለው ቀን ከጠራውና ነፋሻው ቀን ጋር እኩል ንባብ ማሳየቱ ነው። ወደ ማታ ውኃውን ከመርፌው ጋር አስተካክዬ ገንዳውን በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ሸፈንሁት። ትነት እንደዚያ ታግዶ ሳለ ጠዋት የመርፌው ጫፍ ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ ተገኘ። በባትሪ ከርብራቡ ሥር ስመለከት በአንደኛው ጣውላ ላይ ጠቆር ያለች ቀጭን የእርጥበት መስመር አየሁ፤ ጤዛ ቢሆን ጣውላዎቹን ሁሉ ያረጥብ ነበር፣ እርጥበቱ ግን ከብየዳው መገጣጠሚያ ሥር ብቻ ነበረ። ገንዳው ከመሬት ከፍ የማለቱን ጥቅም በዚያን ጊዜ በሚገባ አደነቅሁት፤ አፈር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የሚንጠባጠበውን ሁሉ መሬቱ እየመጠጠ ይደብቀው ነበር። ብየዳው ከታደሰ በኋላም የላስቲኩን ሙከራ ደገምሁት። የቀድሞዎቹን ንባቦች ግን በግምት አላረምኋቸውም፤ አጠራጣሪ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት አድርጌባቸው እንዳሉ ተውኋቸው፣ የመዝገብ ክብር የሚጠበቀው በዚህ ይመስለኛልና።

ከብት በአጥር ይከለከላል፤ በበጋ ከገንዳው የሚጠጡት ርግቦች ግን አስቸጋሪ ናቸው። የሽቦ ወንፊት ቢለበስበት ትነቱ እስከ 10 በመቶ ስለሚቀንስ፣ በምትኩ በቅርብ ርቀት እስከ አፉ የተሞላ ግማሽ በርሜል አስቀመጥሁላቸው፤ ወፎች ጎድጎድ ካለው ውኃ ይልቅ የተገለጠውን ይመርጣሉ። አልጌና አቧራም እንዳይከማች ገንዳው በየጊዜው ይታጠባል።

በክረምት ሂሳቡ ከዝናብ መለኪያው ጋር ይጣመራል። 12 ሚሊ ሜትር ዘንቦ የገንዳው ውኃ 9 ብቻ ከጨመረ ልዩነቱ፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር፣ ትነት ነው። ይሁን እንጂ በረዶ ሲወርድ ውኃው ወደ ውጭ ይፈናጠራል፤ በአንድ ቀን ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘነበም ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። የሐምሌና የነሐሴን ንባብ ከበጋው ጋር በእኩል መተማመን የሚጠቀም ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ዝናቡ ሊበረታ መሆኑን ሳይ አስቀድሜ ለክቼ እቀዳና የቀዳሁትን እጽፋለሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። ገንዳው በስስ በረዶ ተሸፍኖ ሲያድር በረዶውን ከግድግዳው አላቅቄ እንዲንሳፈፍ አደርጋለሁ እንጂ አውጥቼ አልጥለውም፤ ተንሳፋፊ በረዶ በክብደቱ ልክ ውኃ ስለሚገፋ፣ ከገንዳውና ከቱቦው እስከ ተላቀቀ ድረስ የውኃውን ከፍታ አያዛባም።

በጥላ የሚሰቀለውንና በውኃ የሚሞላውን ፒሼ የተባለውን የመስታወት ቱቦ ለማነጻጸሪያ ያህል እጠቀምበታለሁ፤ ውኃው የሚተንበት ከሥሩ ያለው ወረቀት የነፋሱንና የአየሩን ድርቀት በደንብ ቢያሳይም፣ ፀሐይ በቀጥታ ስለማያገኘው ገንዳውን አይተካም።

ለመስኖ ሲባል የገንዳው ንባብ እንዳለ አይወሰድም። ላሜራው በጎኑም ፀሐይ እየተቀበለ ውኃውን ስለሚያሞቀው ከገንዳው የሚተነው ከማሳው ይበልጣል፤ ስለዚህ በማስተካከያ ቁጥር ይባዛል። ንባቡ 5፣ ማስተካከያው 0.7 ቢሆን 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በሩብ ሄክታር ላይ 8,750 ሊትር ማለት ነው፣ ዕድገቱ አጋማሽ ላይ የደረሰ ነጭ ሽንኩርትም በቀን የሚፈልገው ይህንኑ ያህል ነው። በቦይ የሚባክነው በዚህ ላይ ይታከላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ማስተካከያው እንደ ነፋሱ፣ እንደ አየሩ እርጥበትና እንደ አካባቢው ሽፋን ከ0.35 እስከ 0.85 እንደሚለዋወጥ ያሳያል። ዙሪያው ለምለም ሣር የሆነ ገንዳና ደረቅ አፈር የከበበው ገንዳ አንድ ዓይነት ማስተካከያ ስለማይወስዱ፣ ከዕለቱ ንባብ ጎን የነፋሱን ፍጥነትና የግቢው ሣር አረንጓዴ ወይም ደረቅ መሆኑን አብሬ እመዘግባለሁ።