የፉርካድ ሁለት ጥይቶች

ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ማግስት፣ የስፖርት ዜናችን ሰዓት ተቆርሶ ለጤና ባለሙያዎች ተሰጥቷል። ውድድሩ ሁሉ እየተሰረዘ ስለነበር ብዙ የሚነገርም አልነበረም። እኔ ግን የማርታን ፉርካድን ስንብት ጽፌ ጨርሻለሁ።

ፈረንሳዊው የባያትሎን (የበረዶ ላይ የስኪ ሩጫንና የዒላማ ተኩስን የሚያጣምር ስፖርት) ጀግና በዋዜማው «በቃኝ» ብሎ፣ በዚያች ቅዳሜ ፊንላንድ ኮንቲዮላህቲ ላይ፣ ተመልካች በሌለበት ሜዳ የመጨረሻ ውድድሩን አሸነፈ። ገና 31 ዓመቱ ነው። በፈረንጆቹ ከ2012 እስከ 2018 ለ7 ዓመት በተከታታይ የዓለም ዋንጫው አጠቃላይ አሸናፊ ነበር። የመጨረሻውን ግን በ2 ነጥብ ብቻ ለኖርዌዩ ዮሃነስ ቦ ለቀቀ።

አርታኢያችን ጽሑፉን እንደቆሙ አነበቡት። ቀይ እስክሪብቷቸው መሀል ላይ ቆመች።

«ይቺ የፒዮንግቻንጓ አንቀጽ ትውጣ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ሰውየው እየተሸኘ ነው። ለሚሸኝ ሰው የሳተው አይቆጠርበትም። ሜዳሊያውን ተናገርና ሸኘው።»

አንቀጿ የ2018ቱን የክረምት ኦሊምፒክ የ20 ኪሎ ሜትር ውድድር የምትተርክ ነበረች። እዚያ 20 ጥይት ይተኮሳል፤ ለሳቱት ለእያንዳንዱ ሰዓታቸው ላይ አንድ ደቂቃ ይጨመራል። ፉርካድ 18ቱን መትቶ ወርቁ እጁ ሊገባ ሲል የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሳተና 5ኛ ወጣ። በ3ኛው ቀን በ15 ኪሎ ሜትሩ ከጀርመኑ ሲሞን ሼምፕ ጋር መስመሩን እኩል ረገጡ። ከ4 ዓመት በፊት በሶቺ ኦሊምፒክ ላይ እንዲሁ በፎቶ ተለይቶ በኖርዌዩ ስቬንድሰን ተሸንፎ ነበርና፣ ዛሬም የተሸነፈ መስሎት የስኪ ዱላውን በንዴት በረዶው ላይ መታው። ፎቶው ሲታይ ግን ወርቁ የእሱ ሆነ።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ጥይቶች ካልተነገሩ የዚያ ወርቅ ክብደት በምን ይታወቃል?»

«አድማጭ የሚቆጥረው ወርቅ እንጂ ጥይት አይደለም» አሉኝና ሰረዟት።

እንደተባለው «የ5 የኦሊምፒክ ወርቆች ባለቤት» ተብሎ ተነበበ። ቁጥሩ ያኔ ልክ ነበር፤ ሰውየው ግን ውስጡ የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሽቅብ ቁልቁል በስኪ ሲጋልብ የቆየ ሰው፣ ቢያንስ 3 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጠመንጃ ከጀርባው አውርዶ፣ ልቡ ደረቱን እየደበደበው፣ 50 ሜትር ርቆ ያለ 11.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ዒላማ ላይ ቆሞ ይተኩሳል። ተኝቶ ሲተኩስማ ዒላማው 4.5 ሴንቲሜትር ነው። መሳት የዚህ ስፖርት ግማሽ አካሉ ነው። ያንን ደብቆ ፉርካድን ማወደስ ከሌላ ሯጭ ጋር ማመሳሰል ነው፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ከዝግጅቱ በኋላ ስልክ ጮኸ፤ ቴክኒሻኑ አነሳና ለእኔ ሰጠኝ። የአዛውንት ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ፈረንሳዊ ያላችሁት እየሮጠ ነው የሚተኩሰው?»

«አይ አባባ፣ ቆም ብሎ ነው። ትንፋሹ ግን ገና አልተመለሰም።»

«ታዲያ አይስትም?»

የተሰረዘችውን አንቀጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ ነገርኳቸው። «ሁለቱንም ሳተ? ውይ!» አሉ፤ ቀጥለውም «እሺ ከዚያስ?» አሉኝ። አርታኢያችን ኮታቸውን እየለበሱ ሁሉንም ሰሙ፤ ደህና እደር ብለውኝ ወጡ። ስለዚያች አንቀጽ ዳግም አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ የስፖርተኛን ሽንፈት ለብቻው አንቀጽ አልሰጠውም። ከድሉ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዋለሁ፤ አንዱን ያለ ሌላው ማውጣት እንዳይቻል። አልፎ አልፎ ዐረፍተ ነገሩ ከነወርቁ ተሰርዞብኝ ያውቃል። ቢሆንም አሁንም እንደዚያው እጽፋለሁ።