ኦሮምኛ ስማር ለጆሮዬ ያገኘሁት መላ

ክረምቱ ካበቃ ወዲህ ኦሮምኛዬ ፈቅ ብሏል። ቡራዩ ገበያ ዋጋ ጠይቄ፣ ተከራክሬ፣ ገዝቼ እመለሳለሁ። በአማርኛ አፋችሁን ፈታችሁ ኦሮምኛ ለጀመራችሁ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጎበዝ የሆነ ሰው፣ ቃላት የሚያውቅ፣ ነገር የሚያመሳስል፣ ሁለተኛ ቋንቋም ይቀለዋል ይባላል። እውነትነት አለው፤ ግን በከፊል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ካሮል ከስታንሊ ሳፖን ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. የቋንቋ መማር ተሰጥኦ መለኪያ ፈተና አውጥተው ነበር። ካሮል ተሰጥኦውን በአራት ይከፍሉታል፦ ድምፅ ለይቶ መያዝ፣ ሰዋስው ማስተዋል፣ በቃል መያዝ፣ ከምሳሌ ተነስቶ ሕግ ማውጣት። ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህ ክፍፍል ነው።

ሰዋስውና ሕግ ማውጣቱ ላይ አማርኛችን በደንብ ያግዛል። ግሱ በሁለቱም ቋንቋ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በኦሮምኛ ቅጽሉ ከስሙ በኋላ እንደሚከተልም ጥቂት ምሳሌ ሰምቼ ራሴ ደረስኩበት። የማላውቀው ቃል ሲገባ ከዙሪያው እገምታለሁ።

ጆሮ ግን በዚህ አይገራም። በኦሮምኛ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል። መጥበቅና መላላት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የአናባቢ ርዝመት ግን በአማርኛ ትርጉም ስለማይለይ ጆሯችን ያልፈዋል። መላ የሆነኝ ቁቤ ነው። በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ይህ የላቲን አጻጻፍ ረጅሙን አናባቢ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ስለዚህ ማታ ማታ የሬዲዮ ዜና በስልኬ ቀድቼ፣ አጭር አጭር እየቆረጥኩ በቁቤ እጽፈዋለሁ። አንድ ፊደል ልጻፍ ወይስ ሁለት ብዬ እጄ ሲቆም፣ ያኔ ነው ከልቤ የማዳምጠው።

የጻፍኩትን የሚያርምልኝ በቁቤ የተማረው የጎረቤቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እዚች ጋ ይደገማል» ብሎ በእርሳስ ይጨምርና ቃሉን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ እኔም እከተለዋለሁ። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ ርብቃ ኦክስፎርድ በ1990 እ.ኤ.አ. የቋንቋ መማሪያ ስልቶችን በስድስት ሲመድቡ፣ ከሰው ጋር ሆኖ መማርን ራሱን የቻለ ክፍል አድርገውታል። ቋንቋው ከደጃፋችን ላለን የከተማው ዳር ነዋሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አይታየኝም፤ እባካችሁ ተጠቀሙበት።

አሁን የያዝኩት ዸን ነው፤ አየሩን ወደ ውስጥ ስቦ የሚወጣውን ድምፅ። ከአስኮ ቡራዩ በሚኒባስ ስመላለስ ተሳፋሪው ሲናገር እሰማና በለሆሳስ እደግመዋለሁ። የተሻለ መለማመጃ ያላችሁ አካፍሉኝ።