ቀይዋ ብልጭታ

የብሎካችን ማህበር ገንዘብ ያዥ አድርገው ሲመርጡኝ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የቀረ ሰው ይመረጣል። ደብተሩን ስረከብ ግን ደነገጥኩ። ከየቤቱ የምንሰበስበውን መዋጮ አብዛኛውን የሚበላው የጋራ ቆጣሪው ነበር።

ህንፃችን እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ጂ ፕላስ 4 ነው። 25 አባወራ አለበት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ አለው። ደረጃ ሥር ያለው የጋራ ቆጣሪ ደግሞ የደረጃ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የጥበቃውን ክፍል ይሸከማል። የኮንዶሚኒየም ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራውን ወጪ ሁላችንም እንድንሸፍን ያስገድደናል። በእኛ ብሎክ ግን የጋራ ማለት የማንም አይደለም ማለት ነበር።

የመጀመሪያ ስህተቴ ሶላር ነው። አንድ ሻጭ መጥቶ ጣራችንን አይቶ "ፀሐይ እኮ በነፃ ናት" አለኝ። ልቤ ቀለጠ። ለስብሰባ አቀረብኩት። ዋጋው ሲነበብ ሁሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ጡረታ የወጡ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤታችን፣ "መብራቱን ማን እንደሚበላው ሳታውቅ ማንን ልትመግብ ነው?" አሉኝ። ሰው ሳቀ። ተናደድኩ። ማታ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው።

ቆጣሪ ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እዚያው ቁጥር ተጽፏል፤ የእኛው 1600 ይላል። 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል 1 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ትቆጥራለህ። በ60 አባዝተህ ለ1600 ታካፍላለህ። ያኔውኑ ህንፃው ስንት ኪሎዋት እየሳበ እንደሆነ ታውቃለህ። ከስልክህ ሰዓት በቀር ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ደረጃ ሥር ቁጭ አልኩ። ቆጠርኩ፤ 56። ደግሜ ቆጠርኩ፤ 56። ሰው ሁሉ ተኝቶ ህንፃው ከ2 ኪሎዋት በላይ እየበላ ነው። የሦስተኛ ፎቋ እማማ ከላይ ብቅ አሉ።

"ማነህ አንተ? ሌባ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማማ፣ ቆጣሪ እያየሁ ነው።"

"በዚህ ሌሊት? ምን ነካህ ልጄ?"

እስከዚያ ቀን ሁላችንም የጠረጠርነው የጥበቃውን ምድጃ ነበር። ሄጄ አየሁ። ምድጃው ተነቅሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጥበቃው ራሳቸው በር ላይ ቆመዋል። አፈርኩ። የደረጃውን መብራት ብሬከር ሳወርድ ብልጭታው ወደ 40 ወረደ። የጠፉት 16ቱ ባለ 60 ዋት 10 ቢጫ አምፖሎች ናቸው። የቀረው 40 ደግሞ 1.5 ኪሎዋት ነው፤ የውሃ ፓምፓችን የሚስበው ይህን ያህል ነው። ግን በዚህ ሰዓት ማን ነው ውሃ የሚቀዳው?

ጥበቃውን ፓምፑ ሲነሳና ሲቆም ወረቀት ላይ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። በሳምንቱ ደመርነው። በቀን 14 ሰዓት ገደማ ይሠራል። በሚገፋው ውሃ መጠን ሲሰላ ለ25 ቤት 2 ወይም 3 ሰዓት በቂው ነው። እንግዲህ የሚፈስ ነገር አለ ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ ጓሮ፣ ሁሉንም አየሁ። እርጥብ ነገር የለም። አንድ እሁድ ሙሉ ፈጀሁበት።

ውሃው የትም አይፈስም ነበር። ለካ ወደመጣበት ነው የሚመለሰው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ምድር ላይ ባለው ትልቅ ሮቶ እናጠራቅምና ፓምፑ ጣራ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። ቧንቧው የላይኛውን ሮቶ የሚገባው ከታች በኩል ነው። ፓምፑ አጠገብ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ አለ። ጎሚኒው አልቋል። ፓምፑ ይሞላል፣ ያርፋል፤ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል፤ ፓምፑ እንደገና ይነሳል። ያንኑ ውሃ ቀንና ሌሊት ሽቅብ ስናመላልስ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ፓምፑን አጥፍቶ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጠፈና "ስማው" አለኝ። ሹሹታው ይሰማል። ቫልቩን በግማሽ ሰዓት ቀየረው። ያወጣነው ወጪ ከሶላሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ሻይ መጠጫ ነው።

አምፖሎቹንም ወደ 9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርን። በሳምንቱ ሦስቱ ተሰረቁ። ከዚያ በብሎን ከጣሪያ የሚታሰሩትን ገዛን። ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ሴንሰርም ሞክረን ነበር፤ ልጆቹ መጫወቻ አደረጉት፣ ተውነው። ፓምፑና መብራቱ በወር ከ800 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበሉ የነበሩት አሁን 150 ገደማ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ያሉት ቀን ከቆርቆሮው በሚወርደው ሙቀት፣ ማታ በብርድ ያማርራሉ። ለኮርኒሱ ገንዘብ አልደረሰንም። የብረት መስኮቶቹን ክፍተት በሲሊኮን ደፈንላቸው፣ ለጊዜው ይኸው ነው።

ትልቁ ራስ ምታት የቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ነው። አንድ የመብራት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። 15 ቤት አብሮ ሲጥድ ከ50 ኪሎዋት ያልፋል፤ የብሎኩ ዋና ብሬከር ይወርዳል። የሁሉም ሊጥ ምጣድ ላይ እንዳለ መብራት ጠፋ! ለስብሰባ ሳነሳው አንዱ፣ "ግድቡ ጳጉሜን ላይ ተመርቆ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ቆጥቡ ትለናለህ?" አለኝ። ግድቡ ጉባ ነው፤ የሚወርደው ብሬከር ግን እኛው ደረጃ ሥር ነው አልኩት።

መላውን ያመጡት ያቺ ሌሊት ሌባ ያሉኝ እማማ ናቸው። "ምጣዱ እስኪግል ነው የሚበላው። ከጋለ በኋላ ለምን ይቀዘቅዛል? ተራ በተራ እንጋግር" አሉ። ልክ ናቸው። ምጣድ ለመጋል 15 ደቂቃ ቢፈጅ ገና የመጀመሪያዋ እንጀራ ሳትሰፋ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። አራት ቤት በአንድ ምጣድ ሲጋግር ያ ወጪ አንዴ ብቻ ነው። ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ስለሚንር ቁጠባው ቀላል አይደለም። በየፎቁ ተቧደንን፤ ምጣዱ በየሳምንቱ የተለያየ ቤት ይጣዳል፣ ቆጣሪውም በየተራ ይቆጥራል። ብሬከሩ መውረድ ተወ።

ሁለት ቤቶች ግን ከወር በኋላ ቀሩ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ አንዱም አላሳመነኝም። እውነቱን በኋላ እማማ በጆሮዬ ነገሩኝ። ጤፉን ከሩዝ ጋር ይቀላቅላሉ፤ ጎረቤት ሊጣቸውን እንዲያይባቸው አልፈለጉም። ኪሎዋት ስቆጥር ይህ በፍጹም አልታየኝም ነበር። ሌላም ሰው ይቀላቅላል ብዬ ላጽናናቸው አስቤ ተውኩት፤ ማወቄን ማወቃቸው ይብሳል።

አሁን ሐሙስ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የእንጀራ ሽታ ከመጣ እነሱ ናቸው። ምንም እንዳልሸተተኝ ሆኜ አልፋለሁ።