መጀመሪያ ይገመት፣ ከዚያ ስክሪኑ ይከፈት፦ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ የዘንድሮ ማስታወሻዬ

ሰላም ለእናንተ የሙያ ባልደረቦቼ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የ10ኛ ክፍል ትምህርቴን በአንድ ላፕቶፕ፣ ከሌሎች ዲፓርትመንቶች ጋር በተራ በምንጠቀምበት ፕሮጀክተርና በራሴ ስልክ እየደገፍኩ ቆይቻለሁ። ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ እንዲገባ አይፈቀድም። አንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ የማያንሱ ልጆች ይቀመጣሉ፣ መብራቱም አንድ ቀን ቢኖር አንድ ቀን የለም። የብዙዎቻችሁ ሁኔታ ከዚህ የራቀ ስለማይመስለኝ በየጊዜው ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ላካፍላችሁ።

ዓመቱን ሙሉ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ተማሪው ምን እንደሚሆን ገምቶ ደብተሩ ላይ ሳያሰፍር ስክሪን አልከፍትም። ቪዲዮም ይሁን ሲሙሌሽን፣ ጥያቄው መጀመሪያ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹ መልሳቸውን ከነምክንያቱ ይጽፋሉ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከራሉ፣ ከዚያ በኋላ እናያለን። በትምህርት ጥናት ውስጥ ‘ገምት፣ ተመልከት፣ አብራራ’ በሚል የሚታወቅ የቆየ ዘዴ ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚጠቅመውም የማይጠቅመውም እዚህ ላይ እንደሆነ ዘንድሮ በደንብ አምኜበታለሁ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው እኔ ራሴ የፕላዝማ ተማሪ ስለነበርኩ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል፤ አስተማሪያችን ከፊቱ አጭር መግቢያ፣ ከኋላው አጭር ማጠቃለያ ይናገራል፣ መሃሉ የቴሌቪዥኑ ነው። ምስሉ ጥራት ነበረው። በትምህርት ቤታችን ያልነበረውን የላብራቶሪ ዕቃ ያየሁት በእሱ ነው፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ግን ጥያቄ ጠይቆ እርሳሳችንን ሳናነሳ መልሱን ይናገርና ያልፋል። ያልገባው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ ዘመን መሣሪያ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ማቆሚያው በእኛ እጅ መሆኑ ይመስለኛል። ፔሩ ለተማሪዎቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አከፋፍላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ላይ የሚጠቀስ ለውጥ አላገኘም። ዕቃው ብቻውን አያስተምርም።

ኅዳር ላይ ስለ ወጥ አክስለሬሽን፣ ማለትም ፍጥነት በእኩል መጠን ስለሚለወጥበት እንቅስቃሴ ስንማር ፊፎክስ የሚባለውን መተግበሪያ አስገባሁ። ጀርመን የሚገኘው የአኽን ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ መተግበሪያ ነው። ስልካችን ውስጥ ያሉትን ማይክሮፎን፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰርና የመሳሰሉትን ወደ ላብራቶሪ መለኪያ ይቀይራቸዋል፣ አንዴ ከተጫነ በኋላም ለመለካት ኢንተርኔት አይፈልግም። የተጠቀምኩት በድምፅ የሚሠራውን ሰዓት ነው። አንድ ድምፅ ሲሰማ መቁጠር ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ሲሰማ ያቆማል።

ጠረጴዛ ላይ ወንበር ጭነን ከወለሉ 125 ሳንቲሜትር ከፍታ አገኘን። ማስመሪያ ከወንበሩ ጠርዝ ወጣ ተደርጎ ተቀመጠ፣ ጫፉ ላይ ብሎን፣ ከሥሩ ወለሉ ላይ የብረት ትሪ። ማስመሪያው በሌላ ብረት ሲመታ ‘ቋ’ ይላል፣ ብሎኑም ይወድቃል፤ ትሪው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሁለተኛው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ነበር፦ ‘ስንት ሰከንድ ይፈጃል?’ አብዛኛው አንድ ሰከንድ ብሎ ጻፈ፣ ሁለት ያሉም ነበሩ። ስልኩ የሚሠራው በድምፅ ስለሆነ ክፍሉ ጸጥ ማለት ነበረበት፤ ስልሳ ልጅ ያለማንም ተቆጪ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ማየት በራሱ ደስ ይላል። 0.51 ሰከንድ ወጣ። ቀመሩ ውስጥ አስገብተው የመሬት ስበት የሚሰጠውን አክስለሬሽን ሲያሰሉ 9.6 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አገኙ፤ መጽሐፉ የሚለው 9.8 ነው። ደገምነው፣ 0.50 ወጣ፤ አሁን ደግሞ ስሌቱ 10 ሆነ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ‘ቲቸር፣ ታዲያ 9.8 የቱ ጋ ነው ያለው?’ ብላ ጠየቀች።

የቀረው ክፍለ ጊዜ በዚህ ጥያቄ አለቀ። የሰከንድ አንድ መቶኛ ልዩነት ውጤቱን ከ9.6 ወደ 10 ከወሰደው፣ በእጅ በምንጫነው ሰዓት ብንለካው ምን ይሆን ነበር? የሰው እጅ ያየውን ተከትሎ ለመጫን ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ ሙሉ ውድቀቱ ግን ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ስለ መለኪያ ስህተት ለዓመታት በቃል ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ ተማሪ ራሱ ጠይቆ ሲደርስበት ግን ሌላ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ የሆነልኝ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ነው። እዚህ የተጠቀምኩት ፌት የሚባሉትን፣ ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ሲሙሌሽኖች ነው። እነዚህን በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው የኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ካርል ዋይማን ነው፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ። ለእኛ ዋና ጥቅማቸው እያንዳንዱ ሲሙሌሽን አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ መውረዱ ነው። ኔትወርክ ባለበት አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ትይዙታላችሁ፣ ከዚያ በማንኛውም ብሮውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፣ ስልክ ላይም ይሠራል።

ሰሌዳ ላይ አንድ ባትሪና በሲሪየስ፣ ማለትም በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ሁለት እኩል አምፖሎች ሣልኩ። ‘የትኛው አምፖል ይበልጥ ይበራል?’ ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍል ለባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የሚቀርበውን መረጠ። ምክንያታቸውን በአማርኛ እንዲናገሩ ነበር የፈቀድኩት፤ በእንግሊዝኛ ብጠይቅ ዝም የሚሉ ልጆች ያሰቡትን የማውቀው እንዲህ ነው። አንዱ ‘የመጀመሪያው ከበላ በኋላ ሁለተኛው የሚያገኘው የተረፈውን ነው’ አለ። ከረንት በመንገዱ ላይ እየተበላ ያልቃል የሚለው አስተሳሰብ በየአገሩ ተማሪዎች ላይ የሚታይ ነው፣ ‘ከረንት በሲሪየስ ሰርኪት እኩል ነው’ ብሎ በማስጻፍም አይነቀልም። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ለፈተና ይይዘዋል፣ እምነቱንም ጎን ለጎን ይዞ ይቀጥላል።

ከዚያ ፕሮጀክተሩ ተከፈተ። ላፕቶፑን እኔ አልነካሁም። አንድ ተማሪ በተራው ይቀመጣል፣ ክፍሉ ያዝዘዋል። ማውስ ይዘው የማያውቁ ልጆች አሉን፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ እጃቸው እንዲለምድ ይህችም ትጠቅማለች። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ነው። ሁለቱ አምፖሎች እኩል በሩ። ከረንት የሚለካው አሜትር ከመጀመሪያው አምፖል በፊት 0.45 አምፒር፣ መሃል ላይ 0.45፣ ከሁለተኛው በኋላም 0.45 አሳየ። ‘የተረፈውን’ ያለው ልጅ ተነስቶ አሜትሩን ሌላ ቦታ አድርጉት አለ፣ አደረጉለት፣ ያው ነው። ወደ ፓራለል፣ ማለትም እያንዳንዱ አምፖል በየራሱ መስመር ከባትሪው ጋር ወደሚገናኝበት ከመቀየራችን በፊት እንደገና አስገመትኳቸው። እያንዳንዱ አምፖል 0.9፣ ከባትሪው የሚወጣው 1.8 ሆነ። ሁለት አምፖል ከአንድ አምፖል የበለጠ ከረንት ከባትሪው መውሰዱ ከሁሉም ይልቅ ያስደነቃቸው ነው፤ ቤታቸው ባለው ዲቫይደር ላይ ምጣድም ካውያም ሲሰካ ለምን እንደሚግል ራሳቸው ተናገሩ። ባትሪውን በባዶ ሽቦ ሲያገናኙት ደግሞ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ልጆቹ ይህን ሳይሞክሩ አያልፉም፣ ይሞክሩት፤ ግን ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት ጨዋታ አለመሆኑን በዚያው ቅጽበት በማያሻማ ቃል ተናገሩ።

በማግስቱ ዕውነተኛውን ሠራን። ከሱቅ የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ ድንጋዮችና ሽቦ ገዛሁ። በሲሪየስ ስናያይዛቸው ሁለቱ አምፖሎች እኩል አልበሩም! አንዱ ፈካ፣ ሌላው ደበዘዘ፣ የፈካውም ለፖዘቲቭ የቀረበው ነበር። ትናንት የተሸነፉት ‘አላልንም!’ ብለው ተነሱ። አንዲት ተማሪ ግን አምፖሎቹን ቦታ አለዋውጧቸው አለች። ስንቀያይራቸው የፈካው አምፖል ሁለተኛ ቦታ ላይ ሆኖም እንደፈካ ቀረ። ልዩነቱ ከአምፖሉ እንጂ ከቦታው አልነበረም፣ ክሮቻቸው ፍጹም እኩል ሬዚስታንስ ስለሌላቸው ነው። ሲሙሌሽኑ ባይቀድም ይህ ሙከራ የተሳሳተውን እምነት ያጸናው ነበር፤ ሙከራው ባይከተል ደግሞ ሲሙሌሽኑ የኮምፒውተር ነገር ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለቱን አታለያዩ የምለው ለዚህ ነው።

ስልሳ ልጅ ምን እንደመረጠ በአንድ ጊዜ ለማወቅ ፕሊከርስን ተጠቅሜያለሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ምልክት ያለበት የወረቀት ካርድ ይታተማል፣ እስከ 63 ካርድ ድረስ አለ፣ ለእኛ ክፍል ይበቃል። ተማሪው ካርዱን የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ይይዛል፣ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የእያንዳንዱ መልስ ይመዘገባል። የጎረቤትን ካርድ አይቶ መኮረጅ ከባድ ነው፣ ምልክቶቹ ይለያያሉና። ዳታ ስለሚፈልግ ኔትወርክ በሌለ ቀን ወረቀት ለአራት አጥፈው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ጽፈው ደረታቸው ላይ እንዲይዙ አደርጋለሁ፤ መዝገብ አይቀርልኝም እንጂ ለውይይቱ አይጎድልም። በዚህ ላይ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስለመደውን እከተላለሁ። ልጆቹ ይመርጣሉ፣ መልሱን ሳልናገር ከጎረቤታቸው ጋር እንዲከራከሩ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ደግመው ይመርጣሉ። በመጀመሪያው ዙር ትክክለኛውን የመረጠው ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ክርክሩ በጣም ይሞቃል። ከዚያ ካነሰ ወደ ማስረዳት እመለሳለሁ፣ ከበለጠ እቀጥላለሁ።

ቴሌግራምን በተመለከተ ሐሳቤን በጣም አጥብቤያለሁ። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ሁላችንም ፒዲኤፍ መላክ ጀመርን፣ እስከ ዛሬም ብዙ የትምህርት ቻናል የፋይል መጋዘን ነው። ተማሪው ያወርደዋል፣ አያነበውም። አሁን የምልከው ማታ ማታ ሦስት የኩዊዝ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አንዱ የዕለቱ፣ ሁለቱ ከሳምንት በፊት የተማሩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን በፈተና የሞከሩት በለጡ። እኛን የሚመለከተው የሳምንቱ ነው። ስልክ የሌለው ልጅ እንዳይቀር የክፍል አለቃው ጥያቄዎቹን ጠዋት የሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋቸዋል። ይህ ካልሆነ ቴክኖሎጂው ያለውን ከሌለው የሚያርቅ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ይህን በክፍሌ ልፈቅድ አልችልም።

ስላይድ ላይ አልዘገይም። መጽሐፉን ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ አታንብቡት። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ለዓመታት እንዳሳየው፣ የሚነገረው ቃል በጽሑፍም አብሮ ሲደገም ተማሪው ይከፋፈላል። ሥዕሉን አሳዩ፣ ቃሉን እናንተ ተናገሩት።

መብራት ሲሄድስ? ጥያቄው፣ ግምቱና ክርክሩ ሰሌዳና ደብተር ላይ ስላሉ የትምህርቱ ትልቁ ክፍል አይቋረጥም። መልሱ ለነገ ይቆያል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ በማግስቱ ልጆቹ ገና ሳልገባ ፕሮጀክተሩን ሰክተው ጠብቀውኛል።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ማግኔቲዝም ነው። በፊፎክስ ማግኔቶሜትር (የማግኔት መስክ መለኪያ) ከረንት በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ ያለውን የማግኔት መስክ ለመለካት አስቤያለሁ። የመሬት መስክ በየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ስለሆነ የሽቦው ከዚያ ጎልቶ እንዲታይ ብዙ ዙር መጠምጠም ያስፈልጋል። ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ ይህ ሴንሰር የላቸውም፣ የእኔም የለውም፤ ከአይሲቲ መምህራችን ልዋስ ነው። ከእናንተ መካከል በጥምጥም ሽቦ የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ዙርና ስንት ድንጋይ እንደተጠቀማችሁ ጻፉልኝ። የሰርኪቱን ጥያቄዎች ከነፋይሉ ለሚፈልግ እልካለሁ።